ሴት አይመታም ያልኩበት ዓመት



ባለፈው ቅዳሜ ለጥቂት ወዳጆቼ የላክሁት ፎቶ ነገር አመጣብኝ። ፎቶው ላይ አንዲት ሴት አጋዘን ሣር ላይ ተጋድማለች፤ እኔ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሼ አጠገቧ ተንበርክኬያለሁ። «ቀንድ የላትም እንዴ?» አለ አንዱ። «እናት ናት ማለት ነው? ያውም በዓመት በዓል ዋዜማ? ምን አደረገችህ?» አለች ሌላዋ። ሦስተኛው ምንም ቃል አልተናገረም፤ የሚያለቅስ ፊት ብቻ ላከልኝ። መልስ መጻፍ ስጀምር ረዘመብኝ። እንግዲህ እዚሁ ይሁን ብዬ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። እኔ በምኖርበት በሰሜን ቨርጂኒያ አጋዘን የሚያድን ሰው ሴቷን መምታት አለበት። መምታቱ ካልቀረ ደግሞ ወቅቱ እንደተከፈተ፣ ገና በጳጉሜንና በመስከረም ነው መምታት ያለበት። ስላሳዘነችኝ ላቆያት ማለት ለእሷም ለመንጋውም ደግነት አይደለም። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ አዝኜ ያቆየሁበት ዓመት ነው ያስተማረኝ።

እኔ አዳኝ አልነበርኩም። ሥራዬ ታክሲ ነው፤ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሰው አመላልሳለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ አንድ ማታ ላውደን ካውንቲ ውስጥ ተሳፋሪ አድርሼ ስመለስ አጋዘን መኪናዬ ላይ ወደቀብኝ። ዘሎ ገባ ለማለት ይከብደኛል፤ ሰው የወረወረው ነው የሚመስለው። ኤርባጉ ፈነዳ፣ የፊት መስታወቱ ተሰነጣጠቀ። እግዚአብሔር ይመስገን እኔ ተረፍኩ። መኪናዋ ግን ሦስት ሳምንት ጋራዥ ተኛች። በታክሲ የሚያድር ሰው ሦስት ሳምንት ያለ መኪና ማለት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። የቤት ኪራይ ጋራዥ አይገባም።

መንገዱ ላይ የቀረው አጋዘን ወንድ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት ሴት እያሳደደ ነው የመጣብኝ። ኅዳር መግቢያ አካባቢ የስሪያ ወቅታቸው ነው፤ ወንዶቹ እህል ውኃ ትተው ቀን ከሌት ይሮጣሉ። አደጋውም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚበዛው በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ ቋሚ ደንበኛ ነበሩኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አሜሪካዊ ናቸው፤ በላውደን ምዕራብ ጫፍ፣ ከብሉ ሪጅ ተራራ ግርጌ መሬት አላቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ትርጉሙን አንድ ጊዜ ነግሬያቸው ወደዱት። የደረሰብኝን ስነግራቸው «ከአጋዘን ጋር ከተጣላህ እኔ ጋ ና» አሉኝ። አልተጣላሁም። ግን ሄድኩ። የአደን ትምህርቱን ወሰድኩ፣ ፈቃዱን አወጣሁ፣ ያገለገለ ሾትገን ገዛሁ።

መጀመሪያ የወሰዱኝ ቀን ዛፍ ላይ የታሰረውን መሰላልና መቀመጫ ሳይ ሳቄ መጣ። ማማ ነው! ልጅ ሆኜ ማሽላ ከዝንጀሮና ከወፍ የጠበቅሁበት ማማ። ያኔ ሥራዬ መጮኽ ነበር፤ እዚህ ዝም ማለት ሆነ እንጂ መቀመጫውስ ያው ነው።

አሁን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። በላውደን፣ በፌርፋክስ፣ በፕሪንስ ዊልያምና በአርሊንግተን ካውንቲዎች በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ቅዳሜ ልዩ የአደን ወቅት ይከፈታል። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ወይም ጳጉሜን ሲገባ መሆኑ ነው፤ መስቀልን አልፎ ይዘጋል። በዚህ ወቅት የሚፈቀደው ቀንድ የሌለውን መምታት ብቻ ነው። ቀንዳም ወንድ ፊትህ ቆሞ ቢያዛጋ እንኳ አይነካም። ከዚህም ሌላ በእነዚህ አካባቢዎች በግል መሬት ላይ አንድ ቀንዳም የመታ ሰው ሁለተኛውን መምታት ቢፈልግ መጀመሪያ ቀንድ አልባ መምታት ግዴታው ነው። መንግሥት እንዲህ እስኪል ድረስ ሰው ሴቷን መምታት ይሸሻል ማለት ነው።

እኔም ሸሸሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ማለዳ ማማው ላይ ሆኜ ፀሐይ ሳትወጣ አንዲት ሴት ሁለት ግልገል አስከትላ ከጫካው ዳር ብቅ አለች። 30 እርምጃ ቢሆን ነው። ጆሮዋን ወደ ኋላ ወደ ፊት ታዞራለች፣ ትቀነጥባለች፣ ቀና ትላለች። ግልገሎቹ ይገፋፋሉ። ጠመንጃውን አነሳሁ፤ መልሼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

የገበሬ ልጅ ነኝ። በእኛ ቤት የምትወልድ ላም አትታረድም። የሚታረደው ሰንጋ ነው፣ ወይፈን ነው፣ ከሴትም ከሆነ መሲና ናት። የምትወልደውን ማረድ የቤትን ምሰሶ ነቅሎ እንደ ማገዶ ማንደድ ነው። ይህ በልጅነቴ የገባ ነገር ነው፤ የአደን ፈቃድ አያወጣውም።

ጋሼን «ሴት አልመታም» ስላቸው አልሳቁብኝም። አባታቸውም እንደ እኔ ነበሩ አሉኝ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ አጋዘን ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ከሌላ ግዛት ጭምር እየመጣ ተለቀቀ፣ አደኑ ተገደበ፣ ሴቷ ተጠበቀች። «ሴት የሚመታ ሰው አይደለም» እየተባለ አንድ ትውልድ አደገ፤ ሠራም። ዛሬ በግዛቷ ያለው አጋዘን ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋል። መንጋው ተመለሰ፤ ሕጉ ከሰው ልብ ሳይወጣ ቀረ።

እኔ ግን አልሰማኋቸውም። ኅዳር ላይ ባለ ስምንት ጫፍ ቀንዳም መታሁ። ደስ አለኝ፤ ፎቶውን ለሁሉም ላክሁ፤ ያኔ ማንም የሚያለቅስ ፊት አልላከልኝም። ጋሼ አይተው «ቆንጆ ነው፤ ግን ምንም አልተለወጠም» አሉኝ። ለምን? አልኳቸው። መልሱን እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር፦ አንድ ኮርማ ለመንደር ይበቃል። አሥር ወንድ ብትመታ የቀሩት ሁለቱ ሴቶቹን ሁሉ ያስረግዛሉ። አንዲት ደህና የምትመገብ ሴት ደግሞ በዓመት መንታ ነው የምትወልደው። የመንጋው ቁጥር ያለው በሴቶቹ እጅ ነው። ለላሟ ያወጣሁት ሕግ ትክክል የነበረው ከብቱ እንዲበዛ ስለምፈልግ ነው። እዚህ የተቸገርነው በመብዛቱ ነው።

መብዛት ስል ማጋነን አይምሰላችሁ። የጋሼ ጫካ ውስጥ ስትገቡ ከመሬት እስከ ሰው ደረት ድረስ ቅጠል የለም፤ ሰው በመቀስ የከረከመው ይመስላል። ትልልቆቹ ዛፎች አሉ፤ የሚተካቸው ችግኝ ግን ሳያድግ ይበላል። ተኩላውና ኩገሩ ከቨርጂኒያ ከጠፉ ቆይተዋል። ኮዮቴና ጥቁር ድብ ግልገል ይወስዳሉ እንጂ ትልቁን ብዙም አይደፍሩም። የቀረው ጠላት መኪና፣ በሽታ፣ ረኀብ እና ማማ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ከአራቱ የሚመረጠውን እናንተ ፍረዱ።

የካቲት መጣ። በእነዚህ ካውንቲዎች ቀንድ አልባዎቹን መምታት እስከ ማርች መጨረሻ ድረስ ይፈቀዳል። ያኔ ጋሼ «ካልመታህ እኔ እመታለሁ፤ በዚህ ዓመት አምስት ሴት መቀነስ ነበረብን፤ የቀነስነው ሁለት ነው» አሉኝ። የቅበላ ሰሞን ነው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሥጋ ቢገኝ አይከፋም ብዬም አሰብኩ፤ እውነቱን ልናገር። በረዶው አልቀለጠም። አንዲት ሴት ብቻዋን መጣች። ጎኗ ገብቷል። መታኋት።

ሆድ ዕቃዋን ሳወጣ ማሕፀኗ እጄ ላይ ከበደኝ። ማወቅ ነበረብኝ፤ ኅዳር ላይ ካረገዘች የካቲት ላይ ሦስት ወሯ ነው። ሁለት ነበሩ። ከእጅ መዳፌ የማይበልጡ፣ እግራቸው፣ ኮቴያቸው፣ ጆሯቸው ሁሉ የተሟላ። በረዶው ላይ ተንበርክኬ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ጋሼ መጥተው ቆሙ። ምንም አላሉም። ከዚያ ጉድጓድ ቆፈርን፤ መሬቱ ስለ ጠነከረ ብዙ ጊዜ ፈጀ።

ልጆቿን አይቼ ያዘንኩላት እኔ ነኝ። በጳጉሜን አልመታም ያልኩት ለልጆቿ ብዬ ነው።

ወደ ቤታቸው ስንመለስ ነው ጋሼ ነገሩን የዘረዘሩልኝ፤ አሁን በእኔ አፍ ልናገረው። ግልገሎቹ የሚወለዱት ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ ነው። በሁለት ወራቸው ቅጠል በደንብ ያመነዥጋሉ። ጳጉሜን ሲገባ ሦስት ወር ገደማ ይሆናቸዋል፤ ጡት ቢጠቡም ለልማድ ነው እንጂ ያለ ጡት ይኖራሉ። እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ የተጠና ነገርም አለ፦ እናታቸው የሞተችባቸው ወንድ ግልገሎች አድገው ከተወለዱበት ቦታ ርቀው የመሄዳቸው ነገር ይቀንሳል። እናት አድጎ የቆየ ወንድ ልጇን ታባርራለች፤ ከሌለች የሚያባርረው የለም፤ መንገድ አቋርጦም አይሞትም።

ሁለተኛው ነገር መኖው ነው። አንድ አጋዘን በቀን ቢያንስ 2 ኪሎ ይበላል። ከጳጉሜን እስከ የካቲት አጋማሽ 170 ቀን ያህል ነው፤ 340 ኪሎ ማለት ነው። ያቺ በየካቲት የመታኋት ሴት መሞቷ ላይቀር እኅቶቿ ክረምቱን ሊወጡበት የሚገባውን የኦክ ፍሬና ቅጠል 340 ኪሎ በልታ ነው የሞተችው። በጳጉሜን ብመታት ኖሮ ያ ሁሉ ለቀሩት ይተርፍ ነበር። ጎኗ መግባቱ ትዝ ይለኛል።

ሦስተኛው የስሪያው ነገር ነው። ሴቶቹ ከወንዶቹ እጅግ ከበዙ፣ መጀመሪያ ጊዜ ያልተጠቃች ሴት ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ እንደገና ትፈልጋለች፤ ወንዱም ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ይሮጣል። ክርምት ሲገባ አጥንት ብቻ ይቀረዋል። ዘግይታ ያረገዘችው ዘግይታ ትወልዳለች፤ ዘግይቶ የተወለደው ግልገል ሳይጠነክር ብርድ ይደርስበታል። ሴቶቹን ከስሪያው በፊት የቀነሰ ሰው ይህን ሁሉ ያሳጥረዋል። ለእኔ ለባለ ታክሲውም በኅዳር ሌሊት መንገድ የሚያቋርጠው ይቀንስልኛል።

ከዚህ ሁሉ ሌላ ቀላሉ ምክንያት አለ፦ «በኋላ እመታታለሁ» ያለ ሰው አይመታትም። በመስከረም ሴቶቹ ገና አልደነገጡም፤ በሰዓታቸው ወጥተው በሰዓታቸው ይገባሉ። ኅዳር ላይ ጥይቱ ሲበዛ የሌሊት አውሬ ይሆናሉ። አዳኙም ያኔ ዓይኑ ቀንድ ላይ ነው። ስሕተትም ይበዛል። በመስከረም ግልገሉ ከእናቱ አጠገብ ሲቆም ግማሿን ቢያክል ነው፤ ማንም ይለየዋል። በጥር ብቻውን ሲመጣ ግን ቀንዱ ገና ከቆዳው ያልወጣ ወንድ ግልገል ሴት ይመስላል፤ ስንቱ ሰው ሴት መታሁ ብሎ ሲቀርብ ወንድ ልጅ ገድሎ ያገኘዋል። አፍንጫው አጭር፣ በጆሮዎቹ መካከል ያለው አናቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ተወው ነው የሚሉት ጋሼ። ብቻውን የመጣ ቀንድ አልባ ሲያዩም መጀመሪያ እሱን ነው የሚጠረጥሩት።

ያም ሆኖ መስከረምን ላሳምረው አልፈልግም። በሁለተኛው ዓመት፣ ወቅቱ በተከፈተ ቅዳሜ፣ አንዲት እናት መታሁ። ግልገሎቿ ሮጡ። ማማው ላይ ሆኜ ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ተመልሰው መጡ። አንዱ ቆመ፣ አንገቱን ዘረጋ፣ አሸተተ። ድምፅም ነበረው፤ የፍየል ግልገል ድምፅ የሚመስል። ያን የሰማ ሰው ምንም አይደለም ቢላችሁ አትመኑት። ጥቅምት ላይ ሁለቱንም ከሌላ ሴት ኋላ ሲሄዱ አየኋቸው፤ ጎናቸው ሙሉ ነበር። ሁለቱም ነገር እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

ሥራውም ቀላል አይደለም። ጳጉሜን ላይ እዚህ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ ዝንቡና መዥገሩ ሌላ ነው። ሥጋ በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። ከቤት ስወጣ አራት ከረጢት በረዶ ይዤ ነው የምወጣው። ወዲያው ሆድ ዕቃ ማውጣት፣ መግፈፍ፣ መበለት፣ በረዶ ላይ ማስተኛት። «ሲበርድ እመታለሁ» የሚሉት ብዙዎች ለእናቲቱ አዝነው ሳይሆን ይህን ሽሽት ነው። ለእኔ ቤት የሚተርፈውን እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የአዳኞችን ሥጋ እያዘጋጀ ለተቸገሩ ለሚያከፋፍለው ለሀንተርስ ፎር ዘ ሀንግሪ እሰጣለሁ።

አንድ ነገር ሳልል እንዳላልፍ። የምናገረው ስለዚህ ቦታ ነው። እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ በምዕራቡ ተራራ፣ በመንግሥት ደን ውስጥ አጋዘን ጥቂት ነው፤ እዚያ ሴት የሚመታበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው፤ መሆንም አለበት። አገር ቤት ያለ ወዳጄ ደግሞ ይህን አንብቦ ወደ ባሌ እንዳይመለከት አደራ። የእኛ የደጋ አጋዘን ስሙ ይመሳሰል እንጂ ሌላ ፍጥረት ነው፤ ቀንዱ እንደዚህኛው በየዓመቱ ወድቆ የሚበቅል አይደለም፤ ከኢትዮጵያ ደጋማ ተራሮች ሌላ በዓለም የትም የለም። የእሱ ሴት እንደ እናቴ ላም ናት።

እናቴን ካነሳሁ እሷ ያለችውን ልንገራችሁ። በዚያ ሁለተኛ ዓመት እኔ ጋ ነበረች። ሥጋውን ይዤ ስገባ ጓሮ ተቀምጣለች።

«ወንድ ነው?»

«ሴት ናት እማዬ።»

«ልጅ ነበራት?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «ሁለት» አልኳት።

ዝም አለች። ነጠላዋን አጣፋች። «እናት ይመታል እንዴ ልጄ? እኔ እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግሁህ?»

የየካቲቱን ነገርኳት። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር፤ ለባለቤቴም ቢሆን። በረዶውን፣ ማሕፀኑን፣ ጉድጓዱን። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ የጠየቀችኝ ነገር ቢኖር «ጡት ጥለዋል?» የሚል ብቻ ነው። ሊጥሉ ነው፣ ቅጠል ይበላሉ አልኳት። «ነጠብጣባቸውስ?» ለካ ከመስኮት ታያቸው ኖሯል፤ በእኛ ሰፈር ጓሮ ድረስ ነው የሚመጡት። እየጠፋ ነው አልኳት።

ሥጋውን አልበላችም። በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ አልቀምስም አለች፤ እኔም አልተከራከርኳትም። በዚህ ጉዳይ የነፍስ አባቴ ያሉኝ በእኔና በእሳቸው መካከል ይቅር፤ እናንተም የየራሳችሁን ጠይቁ። ግን ማታ ከሥራ ስመለስ ኩሽናው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ ተወጥሮበታል። ቋንጣውን ዘልዝላ፣ በርበሬና ጨው አሽታ፣ ሰቅላዋለች። «ለእኔ አይደለም፤ እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አለችኝ።

አሁን አገር ቤት ናት። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ስትደውል ከጤናዬ ቀጥሎ የምትጠይቀው ነጠብጣባቸው ጠፍቶ እንደሆነ ነው። ዘንድሮ በፎቶው ያያችኋት የመጀመሪያዋ ናት፤ የእሷ ልጆች ነጠብጣባቸው ጠፍቶ ነበር። ሌላዋ፣ በጅረቱ በኩል የምትወጣው፣ ዘግይታ ሳትወልድ አትቀርም፤ የልጇ ጀርባ አሁንም ነጭ በነጭ ነው። እሷን እስከ መስቀል ትቻታለሁ።

መልካም አዲስ ዓመት።